ሦስት ጣት ባዶ ቦታ

የኔ ሥራ ዳገት፣ የኔ ሥራ ቁልቁል፤
ሁለት ሠረገላ በአንድ ገመድ ጥልጥል።
የላይኛው ከተማ ሳህን ያጠበበት፣
ካልሲ የዘፈዘፈ፣ ሕፃን የነከረበት፣
ያ እድፋም ውሃ ነው የባቡሬ ጉልበት።
ከላይ ሆዱን ሞልቶ አንዱ ሲንደረደር
ሌላውን ያወጣል ከታችኛው መንደር።
ሽታው? አዎ፣ ይሸታል። ሰው ለመደ፣ ቻለ፤
አፍንጫውን የያዘ እንግዳ ነው ተባለ።

ከተማችን ፍሪቡርግ፣ የወንዙ ስም ሁለት፤
ሳሪን ባንዱ ምላስ፣ ዛነ በሌላ አንደበት።
ወንዙ ግን ላንዱም ቢሆን አቤት ብሎ አያውቅም፤
የድልድዩን እግር አጥቦ ያልፋል እንጂ ማን ጠራኝ አይልም።
ዳቦው በፈረንሳይኛ፣ ሥጋው በጀርመንኛ ይገዛል፤
ዕዳ የተጠየቀ ለት ለሁሉም ሌላኛው ይቀናዋል።

እታች ግን፣ ከገደሉ ሥር፣ ጭጋግ በሚተኛበት፣
ጣሪያው እንደ ዓሣ ቅርፊት በተደራረበበት፣
ቆዳ ፋቂና ልብስ አጣቢ ስድስት መቶ ዓመት በኖረበት፣
ሌላ አፍ ነበር፤ ቦልዝ ይሉታል፤ ሁለቱን ባንድ የፈተለ፣
ግሡን ከዚህ፣ ስሙን ከዚያ፣ ስድቡን ከሁለቱም የነቀለ።
መምህር በማስመሪያ መታበት፤
ጳጳስ አልሰበከበት፤
ሕዝቡ ግን ካርታ ተጫወተበት፣
ልጅ ተቆጣበት፣ ታረቀበት።

ካኒስና ኮርዱላ በዚያ አፍ ነው የተጋቡት፤
ሃምሳ ሦስት ዓመትም በዚያው አፍ ነው የተጣሉት።
እሱ የጀመረውን እሷ ነበረች የምትጨርሰው፤
ዓረፍተ ነገራቸው መሃል ላይ ድልድይ ነበረው።

ካኒስ በየካቲት ሞተ።
በመጋቢት ኮርዱላ ባቡሬ ላይ ወጣች፣ ቦርሳዋን ታቅፋ፤
ድንጋይ ጠራቢው ቪታል ዘንድ ልትሄድ፣ ወረቀት አጣጥፋ።
ሽቅብ ስንወጣ አንድም ቃል አልወጣትም፤
እኔም ፍሬኔን እንጂ ፊቷን አላየሁም።

በመልሱ ነው የነገረችኝ፦

«በየትኛው ቋንቋ ልጻፍ? አለኝ።
መብራት ሲያጠፋ፣ ማታ ማታ፣ ካኒስ የሚለኝን ቃል ሰጠሁት፤
ግማሹ ከወዲህ፣ ግማሹ ከወዲያ፤ እንዳለ ነገርኩት።
እርሳሱን ጆሮው ላይ ሰካ። ‹እማማ፣ ይኼ እኮ አጻጻፍ የለውም።
አንዱን ይምረጡ› አለኝ። ‹ድንጋይ ላይ ስርዝ ድልዝ አይሆንም።›
በፈረንሳይኛ ባስበው፣ ባሌ ግማሽ ሰው ሆነብኝ፤
በጀርመንኛ ባስበው፣ የሌላ ሴት ባል መሰለኝ።»

«ታዲያ ምን አደረግሽ?»

«ስሙን ጻፍ አልኩት፤ የተወለደበትን፣ የሞተበትን።
ከሥሩ ሦስት ጣት የሚያህል ባዶ ቦታ ተውልኝ፤ ወልውለህ ተውልኝ።
‹ለስንት ፊደል?› አለኝ።
ለሚባል ነው እንጂ ለሚጻፍ አይደለም አልኩት።
ለባዶውም አስከፈለኝ። ከፈልኩት።»

ከዚያ ያንን የማታ ቃል ለኔም አለችልኝ፣ በዝግታ፣
ልክ አምፖል እንዳይሰማ የፈራች ይመስል፣ በሹክሹክታ።

ታች ደረስን። እድፉ ውሃ ከሆዳችን ተንዶለዶለ።
እናቴ የዚያ ሰፈር ልጅ ነበረች፤ አፌ ላይ የቀረ ፍርፋሪ አለ።
ለምን እንደሆነ አላውቅም፤
እጇ የበሩን እጄታ እንደያዘ
ቃሉን መልሼ አልኩት፣ በገዛ አፌ፣ እየፈራሁ።

«ተሳሳትክ» አለች።

ፊደል ባልቆጠረ አፍ፣
ደንብ የለህም በተባለ፣ በማስመሪያ በተመታ፣
ተሳሳትክ ተባልኩ።

«መጨረሻውን አትጎትተው። ካኒስ እንደዚያ አይለውም።»

ላይ ያለው ጓዴ ደወለ፤ ጋኑ ሞልቷል፣ ሰው ተሰልፏል።
ኮርዱላ እጄታውን ለቀቀች፤
ተመልሳ ቁጭ አለች፣
ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አመቻቸች።

«እንደገና በል።»